በደመናው ቀዳዳ ያየሁት ገበያ

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ለቅሶ ለመድረስ ከጃጁራም ከዳምቦያም የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ እናቴን ካጽናና በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «የትኛው ተራራ ላይ ነው የወደቀው?» ይለኛል። አልወደቀም፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ በወፍ በሽታ ነው የሞተው እለዋለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። አብራሪ ሰው እንደ ማንም አልጋ ላይ መሞቱን ሊቀበለው አይችልም። እኔ ደግሞ እዚያው ለቅሶው መሃል እቀናለሁ። የሱ ሞት እንኳ ታሪክ ይጠበቅበታል። እኔ ብሞት የት ብሎ የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ጀምሬ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ነገር ግን ስለ ወንድሜ ጽፌ ስለ ቅናቴ ካልጻፍኩ፣ ስለማላውቀው ሰው የጻፍኩ ያህል ነው። እንዴት እንደሚስቅ፣ ጫማውን እንዴት እንደሚያስር፣ ሲናደድ የትኛውን ጣቱን እንደሚያሽ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከፍቅር ይሁን ከቅናት፣ ለይቼ መናገር አልችልም።

አባታችን ሆሳዕና ዳር የእንሰት ማሳ የነበረው ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ወንድሜ የበረራ ትምህርቱን ጨርሶ ትናንሽ አውሮፕላን ማብረር ከጀመረ በኋላ፣ አባቴ በሰማይ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። የማንም አውሮፕላን ይሁን፣ ያወልቃል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሱ አይደለም፤ ይሄ ትልቅ ነው» እለው ነበር።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ቆፍር!» ይለኛል።

እኔ እቆፍራለሁ። እሱ ሽቅብ ያያል።

ከተማው ደግሞ ወንድሜ ጃንሆይን ነው የሚያበረው ይል ነበር። ለእረፍት ሲመጣ «ኧረ እኔ የማመላልሰው መድኃኒትና ጋዜጣ ነው» ቢላቸው፣ የመንግሥት ምስጢር እየጠበቀ መስሏቸው ይበልጥ ያከብሩታል። እናቴ ለሱ አተካና ትሠራለች። አተካና በእኛ በሃድያ ቤት በቡላና በቅቤ የሚሠራ የክብር እንግዳ ምግብ ነው። ለገዛ ልጅ አይሠራም፤ ለሱ ግን ይሠራ ነበር። እኔም ከጣባው ሥር የቀረውን በጣቴ እየጠረግሁ፣ ጣፋጩ አፌ ውስጥ እያለ እናደድ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አባቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወንድሜ ላከኝ። አንድ ክፍል ቤት ነበር የተከራየው። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ጣቱን ባዶው አየር ላይ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ያሳርፋል። በአውሮፕላኑ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ ያለበትን ቦታ ነው የሚነካው። ከብርድ ልብሴ ሥር ሆኜ አየው ነበር። በዚያ ባዶ አየር እንኳ እቀና ነበር።

አንድ ቀን «ዓይንህን ጨፍነህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ደመና ውስጥ ስትገባ ዓይን የለህም። የሚቀሩህ መሣሪያዎቹ ናቸው።»

«ታዲያ ሰው ሲያዘነብል አይታወቀውም? እኔ ጋደም ስል ይታወቀኛል።»

«አይታወቅህም። ቀጥ ብለህ እየሄድክ ያጋደልክ ይመስልሃል። አጋድለህ እየሄድክ ደግሞ ቀጥ ያልክ ይመስልሃል። ጆሮህ ውስጥ ያለው ነገር ነው የሚያሳስትህ።»

«መሣሪያውስ ቢያሳስት?»

«አንዱ ሲያሳስት ሌሎቹ ያጋልጡታል። ልብ ሲያሳስትህ ግን አጋላጭ የለውም።»

እንደዚህ ሲናገር እጠላው ነበር። አባቴ ቢሰማው ባርኔጣውን ያወልቅለታል ብዬ አሰብኩ።

በዚያ ክረምት ከሆሳዕና ስልክ ተደወለ። አባታችን ታሟል፣ ቶሎ ድረሱ ተባለ። የደወለው አጎታችን ነበር። «አብራሪውን ይጠራል» አለ። ወንድሜ መልእክቱን ሲነግረኝ ይህቺን ቃል ዘለላት። በኋላ ነው ከአጎቴ አፍ የሰማኋት።

መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አውቶቡስ በዚያ ወቅት መንገድ ላይ አሳድሮም አያደርስም። ለሆሳዕና ክሊኒክ የሚሄድ መድኃኒት ስለነበር፣ አለቃው እሱ ራሱ እንዲወስደው ፈቀደለት። እኔንም በካርቶኖቹ አጠገብ፣ ከጎኑ አስቀመጠኝ። አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር።

ከመነሳታችን በፊት ከኪሱ ቀይ የሰም እርሳስ አወጣና፣ ከፍታ በሚያሳየው መሣሪያ መስታወት ላይ አጭር መስመር አሰመረ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሆሳዕና ሜዳ ላይ አቅጣጫ የሚነግረኝ ሬዲዮ የለም። በዓይኔ አይቼ ነው የማርፈው። መርፌው እዚህ መስመር ላይ እስኪደርስ እወርዳለሁ። እዚያ ደርሼ የማውቀውን መሬት ካላየሁ እመለሳለሁ።»

«አባባ እየጠበቀን?»

«ለዚህ እኮ ነው አሁን የማሰምረው። ላይ ከወጣሁ በኋላ ብወስን፣ የሚወስነው አባባን የሚፈልገው ልቤ ነው። ምስክር ሁነኝ።»

ምስክር አደረገኝ እንጂ ሐሳቤን አልጠየቀኝም።

ወደ ደቡብ ዞረን ጥቂት እንደሄድን ደመናው ዋጠን። ነጭም አይደለም፣ ግራጫም አይደለም። መስኮቱን ነክቼ የቆሸሸ መስሎኝ በእጄ ጠረግሁት። ትንሽ ቆይቶ ወደ ግራ ያጋደልን መሰለኝ። ወንበሩን ያዝኩ። የበለጠ አጋደልን።

«ጋሼ፣ እየወደቅን ነው! በግራ!»

እሱ አላየኝም። ዓይኑ ከአንዱ መሣሪያ ወደ አንዱ ይሄዳል። «ቀጥ ብለናል» አለ።

«እኔ እየተሰማኝ!»

«ይሰማሃል። ቀጥ ብለናል።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን በደንብ አስታውሳለሁ። ፍርሃት ነበር፣ ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ከሥጋ ወንድሙ ይልቅ አንዲት መርፌ ታመነች። በመርፌ ቀናሁ። ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል።

በሰዓቱና በኮምፓሱ ሆሳዕና ላይ ደረስን ባለኝ ቦታ ዝቅ ብለን ዞርን። መርፌዋ ቀዩ መስመር ላይ ተቀመጠች። ከታች ምንም የለም። ደግመን ዞርን። ምንም የለም። አባታችን ከዚያ በታች፣ ከዚያ ነጭ ነገር ሥር ነው። ወንድሜ ላብ ከግንባሩ ሲወርድ አልጠረገውም። ከዚያ እንደገና ከፍ አለና ትንሽ ወደ ደቡብ ገፋ፤ ምናልባት ጠርዙ ይገኝ ይሆናል ብሎ።

ያኔ ቀዳዳው መጣ። በእኔ በኩል፣ እንደ ጉድጓድ። ከታች የእንሰት አረንጓዴ አየሁ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ አየሁ፣ ሜዳ ላይ እንደ ጉንዳን የተሰበሰበ ሰው አየሁ።

«ገበያ ነው! ጋሼ፣ ገበያው ነው! ዛሬ የሆሳዕና ገበያ ነው! ውረድ!»

አገሬን አውቃለሁ። በእኛ አገር የትኛው ቀን የየትኛው ከተማ ገበያ እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ቀን የምንቆጥረው በገበያ ነው። ዛሬ የኛ ገበያ ከሆነ፣ ሰው ከተሰበሰበ፣ ያ ሆሳዕና ነው። ይህን እንኳ መርፌዋ አታውቀውም ብዬ ኮራሁ።

ወንድሜ አውሮፕላኑን ወደ እኔ ጎን አጋደለና አየ። አይቷል፤ ሲያይ አይቼዋለሁ። መሪውን የያዘው እጁ ወደ ፊት ሄደ። አፍንጫችን ዝቅ አለ። አመነኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ቤተ ክርስቲያናችን የት አለ?» አለ።

«ደመናው ሸፍኖት ይሆናል።»

«ወደ ክሊኒኩ የሚወጣው መንገድስ?»

«ጋሼ ገበያውን እያየኸው!»

«ሰው አያለሁ። ቆርቆሮ አያለሁ። እንሰት አያለሁ። ይሄ ሁሉ የሌለው ከተማ የቱ ነው?» ዓይኑን ወደ መርፌዋ መለሰ። «አባባን ትፈልጋለህ። ስለዚህ ገበያው የኛ ሆነልህ። እኔም የኛ እየሆነብኝ ነው።»

እጁን ወደ ኋላ ሳበ። ሽቅብ ወጣን። ቀዳዳው ከሥራችን ቀረ። ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። በመንገዱ አጋማሽ ግራ ዓይኑን በትከሻው ሲጠርግ አየሁት። እኔ አላለቀስኩም። በጣም ተናድጄ ነበር።

በማግሥቱ በመኪና፣ በጭቃ፣ ተገፍተንም ተስበንም ሆሳዕና ስንደርስ አባታችን ተቀብሮ ነበር። ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቷል። እናቴ ወንድሜን አንገቱን አቅፋ ቀረች። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ተናገረ።

«ሰማንህ። አባትህም ሰማህ። ከራስጌው ነበርኩ፤ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑን ከፈተና ‹ታላቁ መጣ› አለ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም።»

ታላቁ መጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነው።

«እኔም ነበርኩ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

«ለምን አልወረድክም?» አለ አጎቴ።

«ደመና ነበር።»

«ደመና! እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ በጉም ውስጥ አይደል የምንሄደው? የኔ በቅሎ እንኳ በጉም ውስጥ ቤቷን ታገኛለች!»

«የእርስዎ በቅሎ እግሯ መሬት ላይ ነው።»

«ጃንሆይን ይዘህ ቢሆን ኖሮ ትወርድ ነበር!»

«ጃንሆይን ይዤ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ ነበር የምመለሰው።»

አንድ ሁለት ሰዎች ሊስቁ ጀምረው በለቅሶው አፈሩ። አጎቴ ግን ቀላ። ዙሪያውን ሲያይ እኔን አገኘኝ።

«አንተ! አንተም ነበርክ አሉ። መሬት አልታየም?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ ቀደመኝ።

«እሱ አይቷል። ውረድ ብሎኛል። እኔ ነኝ ያላመንኩት።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ከወንድሜ ትከሻ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። አጎቴ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ያን ቀንና በማግሥቱ እኔ አባቱን ሊደርስለት የነበረው ልጅ ሆንኩ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ስሜን ያነሱ ነበር። ወንድሜ ደጅ እንጨት ይፈልጣል፤ ማንም ቁጭ በል አይለውም። ደስ አለኝ። ይህም እውነት ነው። ግን ደስታው ሙሉ አልሆነልኝም፤ የሰጠኝ እሱ ስለሆነ። ክብሬም የሱ እጅ ሥራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሆሳዕና በስተ ደቡብ ካለው ከዶዮገና አንድ ነጋዴ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ትውልዱ ጉራጌ የሆነ፣ አባታችን ጨርቅና ጨው የሚገዛው ሰው ነው። ከተቀመጠ በኋላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ አወራ።

«ይብላኝ ለእኛ» አለ። «እኛም ቅዳሜ ለቅሶ ላይ ነበርን። አንድ ትልቅ ሰው ሞተውብን፣ አገሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ወጥቶ። ድንገት ደመናው ቀዳዳ ከፈተና አውሮፕላን ዞረብን። ለቀስተኛው ሁሉ ሽቅብ ቀረ። ከዚያ ወዲያው ድፍን! በቅሎዎቻችንን እንኳ ፈልገን ነው ያገኘነው። ኮረብታው የት እንደሄደ እንጃ።»



«ቅዳሜ?» አለ አጎቴ።

«ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ።»

«እዚህስ ቅዳሜ ደመናው ተከፍቶ ነበር?» ሲል አጎቴ እናቴን ጠየቃት።

«ቀኑን ሙሉ ጉሙ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር» አለች። «ገበያም አልቆመም። ማን በዚያ ዝናብ ይወጣል?»

«እኔ ግን ገበያውን አይቻለሁ» አልኩ ሳላስበው። አጎቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «እና አንተ ገበያ ያልከው የሰው ለቅሶ ነው?»

ሰው ሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሚሳቅ፣ አፍን በነጠላ ይዞ። እናቴ እንኳ ፈገግ አለች። ወንድሜ መጥረቢያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁሉን ሰምቷል። እሱ አልሳቀም።

«ከላይ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ። «እኔም ለይቼ አላወቅሁም።»

ተመልሶ ወጣና መፍለጡን ቀጠለ። አጎቴ ተነስቶ ተከተለውና መጥረቢያውን ከእጁ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር በቤታችን የተናገረ የለም። እኔ ግን ከዚያ ይበልጥ የቀናሁበት ቀን የለም። ብወርድ ኖሮ፣ ማለት እሱ እኔን ሰምቶ ቢወርድ ኖሮ፣ ዶዮገና ኮረብታ ላይ እንቀር ነበር። ትክክል የሆነው እሱ ነው። ትክክል ሆኖ ደግሞ አልኮራም። ቢኮራ ኖሮ ልጠላው እችል ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ፤ ክረምቱ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ እሱ ታመመ። መጀመሪያ ድካም ነው አለ። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል ተኛ። የተኛ ዕለት፣ ገና ሲቀልድ እያለ፣ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«እናታችንን በዚህ ጭቃ ማስደንገጥ አልፈልግም» አለ። «ስለዚህ አሁን፣ ሳልደክም፣ እንወስን። ዓይኔ እየነጣ ከሄደ አንነግራትም። እየባሰ ከሄደ ጓደኞቼ በአውሮፕላን እንዲያመጧት ትልካለህ። በየጠዋቱ አንተ እያየህ ትነግረኛለህ።»

«ለምን መስታወት አታይም?»

«በመስታወት ካየሁ ደህና መስሎ ይታየኛል። እንዲነጣ የሚፈልገው እኔ ነኛ።»

«እኔስ?» አልኩት። «እኔ ገበያ ያየሁት ሰው አይደለሁም?»

ሳቀ፤ ሲስቅ አመመውና ጎኑን ያዘ። «አንተማ ትቀናብኛለህ» አለ። «ከልጅነትህ ጀምሮ ዓይንህ እኔ ላይ ነው። የሚቀና ሰው ደግሞ ያየውን አያሳምርም። አንተን ነው የማምነው።»

ያውቅ ነበር። ሁልጊዜ ያውቅ ነበር። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በመስኮቱ ብርሃን ዓይኑን አየው ነበር። እንዳለ ነው፣ እለዋለሁ። እንዳለ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጥቶ አየሁት። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ነጥቷል። ልናገር ስል እጄ አልጋውን አጥብቆ ይዞ አየሁ። ያን ጊዜ በአውሮፕላኑ ውስጥ ወንበሩን እንደያዘው ማለቴ ነው። ቅናቴን ፈለግሁ፤ የዕድሜዬን ቅናት፣ ለዚህ የሚሆን ጥቂት እንኳ አጣሁ። የነበረኝ እንዲነጣ መፈለጌ ብቻ ነበር።

ወጥቼ ነርሷን ጠራኋት። ለሷ እሱ ከብዙ አልጋ አንዱ ነው። ሽፋሽፍቱን ገልጣ አየችና አልነጣም ስትል ወደ እኔ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እኔም እንደገና አየሁ። መጋረጃው ነጭ ነበር፤ ብርሃኑ ከሱ ላይ ነው የመጣው። ዓይኑ ከትናንቱ ብሶ ነበር።

«ብሷል» አልኩት።

«እሺ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀም። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያልሰጠኝን ቃል እዚያ ሰጠኝ። እንዲህ ከሆነ ባይሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ስለነበር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጓደኛው እናቴን አመጣት። አውሮፕላን ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ቅቤ በቅል ይዛ፣ በመድኃኒት ካርቶን መሃል ተቀምጣ መጣች። በሕይወት ሳለ ደረሰችለት። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ አልፋኝ ሄደች። «ልጄ» አለችው በሃድይኛ፤ ግንባሩን በቅቤ አሸችው። እሱም እጇን ይዞ፣ ከትከሻዋ በላይ እኔን እያየ፣ «እሱ ነው ያየልኝ» አላት። አልዞረችም። የምታየው እሱን ብቻ ነበር። እኔም በዚያች ደቂቃ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ቀናሁበት። ቅናቴ ተመልሶ መጣ። ዓይኑ የነጣ በመሰለኝ ጠዋት ፈልጌ ያጣሁት ይህንኑ ቅናት ነበር።

አሁን ሆሳዕና ከእናቴ ጋር ነኝ። አውሮፕላን ሲያልፍ ማሳው ውስጥ ባርኔጣ የሚያወልቅ የለም። ማታ ማታ እናቴ ከጓዳ «ልጄ» ብላ ትጣራለች። ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሆኖም አቤት ከማለቴ በፊት ትንሽ እቆያለሁ፤ ወንድሜ ቀድሞኝ አቤት ይል እንደሆነ።